የዲላው ጨራሽና ባለ ጃንጥላው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ሸምሱ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው ጆይስቲክ ይዘው ጠበቁኝ። «ይኼ ለወለሉ ነው፣ ይኼ ለልጆቹ። አደራ፣ እንዳታምታቺ» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። እንኳን ጆይስቲክ መጥረጊያም ቢሆን አልመርጥም ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ከቡታጅራ መጥተው ዲላ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ የነበረውን መጋዘን አጽድተው፣ ጀርባቸው እንደ በርሜል የወጣ ሁለት ቴሌቪዥኖች ደርድረው ጌም ቤት አሉት። ጊዜው ሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ጌም የሚባል ነገር እኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሳቸውም ብዙ አይቀድሙኝም። የጌም ማሽኑን የገዙት የቪዲዮ ማጫወቻ መስሏቸው ነው፤ ሲያዩት ፊልም የለውም። መልሱ ቢሏቸው «ነጋዴ የገዛውን አይመልስም» ብለው ሥራ አደረጉት።

ሥራው ምን ነበር ለሚል ልንገረው። ጠዋት የመብራቱን ኃይል የሚያረጋጋውን ስታቢላይዘር ከፍቼ መርፌው እስኪረጋ እጠብቃለሁ። መርፌው እየዘለለ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ቴሌቪዥኑን ቀበረው ማለት ነው። ከዚያ ቻናል ሦስት ላይ አድርጌ ካሴቱን እከታለሁ። ካሴቱ እንቢ ካለ ልጆቹ አውጥተው እፍ ይሉበታል። የዲላ ልጅ፣ የይርጋጨፌ ልጅ፣ የገደብ ልጅ፣ ሁሉም እፍ ይላል፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። እኔ ግን አልፈቅድም። ምራቅ ነው የሚገባው፤ ምራቅ ደግሞ ያዝገዋል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ የካሴቱን የብረት ጥርስ መጥረግ ነው መድኃኒቱ።

ጆይስቲክ ሲሞት በካቻቢቴ ፈትቼ ከቁልፉ ሥር ያለውን ላስቲክ እቀይራለሁ። መለዋወጫ የሚባል አልነበረም። ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጬ ነው የምሠራው። የጠገንኩትን በየጠዋቱ የጨዋታው መጀመሪያ ደረጃ፣ አንደኛው ስቴጅ ላይ እሞክረዋለሁ፤ ከአንደኛው አልፌ ግን አላውቅም፤ ደንበኛ ይመጣል።

ቤቱ ማዕረግ ነበረው። ግድግዳ ተደግፎ የሚያየው ተመልካች ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ተረኛ ነው። ከሱ በላይ አሳላፊ አለ። አንድ ልጅ የሚከብድ ቦታ ላይ ደርሶ ሲፈራ ጆይስቲኩን ለአሳላፊ ያቀብልና «አሳልፈኝ» ይላል። አሳላፊው ያሻግረዋል፣ ጆይስቲኩን ይመልሳል። ዋጋው አንድ ነፍስ ነው፤ ማለትም ልጁ ሦስት ነፍስ ካለው በአንዷ አሳላፊው ይጫወትባታል። ይኼን ሕግ ያወጣነው እኛ ነን። ሌላ አገር እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከአሳላፊም በላይ አንድ ማዕረግ ነበር፤ ጨራሽ። እሱን ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጨዋታው «ባለ ጃንጥላው» ይባል ነበር። የፈረንጅ ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ልጣፉ ተልጦ ነው የመጣው። አንድ ትንሽ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ ከጣራ ጣራ ይዘላል። አየር ላይ ሲዘረጋው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲያጥፈው ዱብ ይላል። ተርብ ያባርረዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲያባርሩት ማየት ልብ ይነካል መሰለኝ፣ ልጁ ሁሉ እዚያው ካሴት ላይ ያለውን ሌላ ጨዋታ ትቶ እሱን ነበር የሚጠይቅ። ከገደብ እየመጣ የሚጫወት አንድ ጎረምሳ ነበር፤ አማርኛው ገና ስለነበር እኔንም «አንተ» ነበር የሚለኝ። «አስቱ፣ አንተ ባለ ጃንጥላው ክፈትልኝ!» ይላል። እከፍትለታለሁ።

አራተኛው ስቴጅ መጨረሻ ላይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ደወል ተሰቅሏል። ብዙ ሰው ድልድዩ ላይ ቀርቷል። በየነ ግን ደረሰ። በየነ ያኔ ፀጉር ቤት ረዳት ነው፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ወሬ የማያበዛ ልጅ። ክረምት ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ደወሉን ሲነካው ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ከዚያ ባለ ጃንጥላው መጀመሪያ የቆመበት ጣራ ላይ፣ አንደኛው ስቴጅ ላይ ቆሞ ተገኘ።

«ጨረሰ!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። እኔ የቆርቆሮ ክዳን አንስቼ በካቻቢቴ ቀጠቀጥኩት። ጋሽ ሸምሱ ጠብ መስሏቸው የጨርቅ መለኪያውን ሜትር ይዘው እየሮጡ መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ለበየነ ለስላሳ አዘዙለት። «የጨረሰ ሰው ይጠማዋል» አሉ።

እንዴት አወቃችሁ ማለቁን ብትሉኝ፣ ወደ መጀመሪያው መለሰዋ! ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ሌላ ካሴት አይተን አናውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየነ መባሉ ቀረ፤ «ጨራሹ» ሆነ። በኋላ ከጌም ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የራሱን ቤት ሲከፍት ሰሌዳው ላይ ያጻፈው «ጨራሹ ፀጉር ቤት» ብሎ ነው። ጎኑ ላይ ጃንጥላ የዘረጋ ትንሽ ሰውዬ አስቀለመበት። ከፍስሐ ገነት ቡና ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሳይቀሩ «ጨራሹ ጋ ተላጭቼ ነው የምመለሰው» ይላሉ። ሚስቱን ሲያጭ ሽማግሌዎቹ የተናገሩለት «እዚህ አገር ጀምሮ የጨረሰ እሱ ብቻ ነው» ብለው ነው። የልጅቷ አባት ምን እንደጨረሰ አልጠየቁም። ሰውየው መሬት የለው፣ ዲግሪ የለው፤ በዲላ ከተማ ያለው ነገር ያ ስም ነበር። ለኔም ጓደኛዬ ነው። ምሳ አብረን ነው የምንበላ።

ዓመታት አለፉ። ካሴቱ ቀረ፣ ሲዲ መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባውን ጥሎ ቀጠነ። እኔም ከተላላኪነት የቤቱ ኃላፊ ሆንኩ፤ ኃላፊ ማለት መጥረጊያውን ሌላ ሰው የሚይዘው ማለት ነው። ጨዋታውም ኳስ ብቻ ሆነ። ጠዋት ኳስ፣ ማታ ኳስ። በየመንደሩ ጌም ቤት ተከፈተ፣ ሁሉም ኳስ፣ ደንበኛችን ሳሳ። ጋሽ ሸምሱ አርጅተዋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው «እዚህ ቤት ሰው ድሮ ይጮህ ነበር እኮ» ይሉኛል። «አሁንም ይጮሃል ጋሼ፣ ዳኛው ላይ ነው የሚጮኸው» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ናትናኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ትሁት፣ አፉ ግን የማያርፍ። «አስቱዬ፣ ይኼን እዪልኝ፤ ፐ! ክላሲክ ነው» አለ። ለአዲሱ ማሽን የወጣ የድሮ ጨዋታዎች ስብስብ ነው። ያኔ በየካሴቱ የነበረውን ዝላይ ሁሉ ሰብስበው፣ ቀለሙን አጥበው፣ በአንድ ሲዲ አድርገውታል። ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያወርደው ጃንጥላ አየሁ። «ቁም!» አልኩት።

ከፈተው። ዘፈኑን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ልጁ አንደኛውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ወግ እያወራ አራተኛው ላይ ደረሰ። ድልድዩን ተሻገረ፣ ደወሉን ነካ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ። እኔ አንደኛው ስቴጅ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። የመጣው ግን አይቼው የማላውቀው ነገር ነው፤ ወንዝ፣ ጀልባ፣ ከላይ «5» የሚል ቁጥር።

«አንተ ልጅ! ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካሁም። ስቴጅ አምስት ነዋ።»

«ስንት አለው?»

«ስምንት።»

ስታቢላይዘሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ ደንግጦ ውሃ ላምጣ ወይ አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ። የናንተ ካሴት የተቀዳ ይሆናል፣ ብዙ ጨዋታ አንድ ላይ ለማጨቅ ከየጨዋታው እየቆረጡ ነበር የሚጨምሩት፣ የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል አለኝ። «ግማሹን ነው የሸጡላችሁ» አለ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጋሽ ሸምሱ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ቅዳሜ እንከፍተዋለን። ኳስ ቤቶቹ ይኼ የላቸውም። የድሮ ደንበኛ ሁሉ ይመጣል» አሉ።

«በየነስ?» አልኳቸው።

«በየነ ምን ሆነ?»

«ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።»

መንገዱን አሻግረው ሰሌዳውን አዩ። የሱቁ ጉዳይ ነው፣ እንጀራቸው ነው፤ የሰውየው ስምም ነው። በመጨረሻ «ዛሬውኑ ሂጂና ንገሪው። ሰው ፊት ከሚሰማ ካንቺ ይስማ» አሉኝ። ሰው ናቸው ጋሽ ሸምሱ።

ሄድኩ። በየነ የአንድ ሹፌር አገጭ በምላጭ እየላጨ ነው። ቆይቼ መናገር ነበረብኝ፤ ግን እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። «በየነ፣ ባለ ጃንጥላው አላለቀም» አልኩት።

ምላጩ ቆመ። ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ያያል፣ ምላጩን ያያል።

«ምን ማለት ነው አላለቀም?»

«ስምንት ስቴጅ ነው። ካሴታችን ግማሽ ነበር። ሲዲው መጥቷል፣ በዓይኔ አየሁት። ቅዳሜ ሊከፈት ነው።»

በየነ ሹፌሩን ላጭቶ ጨረሰ። አልኮል ቀባው፣ ፎጣውን አራገፈ፣ ሰውየውን ሸኘ። ከዚያ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ።

«ብቻህን ጠዋት ና፤ መጀመሪያ ተለማመደው።»

«እኔ ሰው ፊት ነው የጨረስኩት። አሁንም ሰው ፊት ነው» አለ። ግትር ነው።

ቅዳሜ ቤቱ እንደ ድሮው ጢም አለ። ያኔ አግዳሚው ላይ እግራቸው መሬት የማይነካ የነበሩ ልጆች ጢም አውጥተው መጡ። የገደቡም ጎረምሳ መጣ፤ አሁን የቡና ነጋዴ ነው፤ እኔን ግን አሁንም «አንተ» ይለኛል። በየነ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ወንበር ለቀቁለት። አራቱን ስቴጅ እንደ ውሃ አለፋቸው፤ እጁ ምንም አልረሳ። ደወሉን ሲነካ የድሮዎቹ አጨበጨቡ። አምስት መጣ። ጀልባው ላይ ዘለለ፣ ጃንጥላውን ዘረጋ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሁለተኛ ነፍስ፣ ወንዝ። ሦስተኛ ነፍስ፣ ጀልባውንም ሳይነካ ወንዝ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ ኳስ ተጫዋች መሆን አለበት፣ «ጀማሪው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በየነ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ያንን ልጅ በአንገቱ ይዤ አስወጣሁት። ጋሽ ሸምሱ «ደንበኛ ነው እኮ» ቢሉኝ «ይሁን!» አልኳቸው።

ሰኞ ስመጣ ሰሌዳው ነጭ ነው። ስሙንም ባለ ጃንጥላውንም በቀለም ሸፍኖታል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠራሁት፤ ሥራ አለኝ አለ። ሥራ የለውም፤ ከበሩ አየዋለሁ፣ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ መቀሱን ይጠርጋል። መንገድ ላይ «ጀማሪው» ሲሉት እንዳልሰማ ያልፋል። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም። እንዴት ሰው በጃንጥላ ይህን ያህል ይሰበራል? ግን ደግሞ እኔ አስቱ ኃላፊ መሆኔ ውሸት ነው ብትሉኝ እኔስ ምን እሆን ነበር?

በሳምንቱ ጠዋት፣ መርፌው ሳይረጋ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ክፈቺልኝ» አለ። ከፈትኩለት።

ከዚያ በየጠዋቱ መጣ። እሱ ይጫወታል፣ እኔ ጆይስቲክ እጠግናለሁ። ናትናኤልም ክፍል ከሌለው ብቅ ይልና ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ያያል፤ ልጁ ዝም ማለት ይችል ኖሯል። አዲሱ ማሽን ሴቭ የሚባል ነገር አለው፤ የደረስክበትን ያስቀምጥልሃል። በየነ በጄ አላለም። «መብራት ሲሄድ እኛ ከመጀመሪያ ነበር የምንጀምር። አሁንም እንደዚያው» ይላል። ናትናኤል «ላሳልፍህ ጋሼ?» ቢለው በየነ «እኔ ሰው አሳልፋለሁ እንጂ ሰው አያሳልፈኝም» አለው። ልጁ አፈረ። እኔ ካቻቢቴውን በየነ ላይ ልወረውር ምንም አልቀረኝ።

ወንዙን ለመደው፣ ስድስትን ለመደው። ሰባት ላይ ነፋስ አለ። ጃንጥላውን ዘርጋ፣ ነፋሱ ገልብጦ ይወስድሃል፤ እጠፈው፣ ገደል ትገባለህ። እዚያ ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን እያለፈ ነበር። መጨረሻዋ ዐለት ታየች።

መብራት ሄደ።

በየነ አልተነሳም። ጨለማ ውስጥ ጆይስቲኩን እንደያዘ ተቀመጠ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ምን ልበለው? ደህና ነህ ማለት ያንን ሰው መሳደብ ነው። ሄጄ ስታቢላይዘሩን አጠፋሁ።

«አስቱ» አለኝ ቆይቶ።

«አቤት።»

«ነገ ሴቭ አድርጊልኝ።»

«እሺ።»

«ነፋሱ ላይ ደግሞ...» አለና ቆመ። «አሳልፊኝ።»

ያ ሰው ስንቱን የዲላ ልጅ ድልድይ እንዳሻገረ እኔ ነኝ የማውቀው። ለራሱ ያቺን ቃል ሲናገር ግን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

በማግሥቱ አቀበለኝ። እጄን በቀሚሴ አደረቅኩና ተቀመጥኩ። ነፋሱ መጣ፣ ጃንጥላውን ዘረጋሁ፣ ተገልብጬ ገደል ገባሁ። አንድ ነፍሱን በላሁበት። በየነ አየኝ። «ከአንደኛው አልፈሽ አታውቂም እንዴ?» አለኝ። «ማን ጊዜ ሰጠኝ?» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ጆይስቲኩን ግድግዳ ለተደገፈው ናትናኤል ዘረጋና «እስቲ አንተ» አለው። ናትናኤልም አንድ ነፍስ ገደለ። ሁለተኛውን ሲሞክር ጃንጥላውን ግማሽ ድረስ ብቻ ዘረጋው። ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ነክቶ ሲለቀው ግማሽ ይዘረጋ ኖሯል፤ እንዴት እንዳደረገው ራሱም አላወቀም። ተሻገረ። ሴቭ አደረግኩት።

ስምንትን በየነ ብቻውን ተጫወተው። አንድ ትልቅ ማማ ነው፤ ጫፉ ላይ ያው ደወል ተሰቅሏል። ከብዙ ጠዋት በኋላ አንድ ቀን ነካው። ቴሌቪዥኑ ጨለመ። የቆርቆሮ ክዳኔን አዘጋጅቼ ነበር፤ ላነሳ ስል «ቆይ!» አለኝ፤ «አትምቺ።»

ጠበቅን። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አለ በየነ።

ናትናኤል አነበበ። «ስለተጫወታችሁ እናመሰግናለን ይላል ጋሼ።»

«ሌላስ?»

«አበቃ ይላል።»

ጽሑፉ ጠፋ። ባለ ጃንጥላው መጀመሪያ በቆመበት ጣራ ላይ፣ አንደኛው ስቴጅ ላይ ቆሞ ተገኘ። በየነ ረጅም ጊዜ አየው።

«ወደ መጀመሪያው መለሰኝ» አለ።

«ጨዋታው እንዲያ ነው የሚያልቀው፣ ጋሼ» አለ ናትናኤል።

«ያኔም እንዲህ ነበር ያለቀው።» ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «ከዚህ በኋላ ምንም የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ናትናኤል አሰበ። የተማረ ልጅ ነው፣ አይዋሽም። «በዚህ ማሽን የለም» አለ።

ክዳኑን ቀጠቀጥኩት። ጋሽ ሸምሱ ከፊት ሱቅ «ጨረሰ?» ብለው ጮኹ። «ጨረሰ!» አልኳቸው። ለስላሳ አዘዙ፤ በየነ ጠጥቶ፣ ጠርሙሱን መልሶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፀጉር ቤቱን ሊከፍት ሄደ።

በሳምንቱ ሰዓሊ መጥቶ ሰሌዳው ላይ መሰላል አቆመ። ባለ ጃንጥላው ተመለሰ፤ ጃንጥላው ግን ግማሽ ብቻ ነው የተዘረጋው። ሰዓሊው ስህተት መስሎት ሊሞላው ሲል በየነ ከሥር ሆኖ ተቆጣው። «ጨራሹ ፀጉር ቤት» የሚለውም ተመለሰ። ከሥሩ በትንሽ ፊደል አንድ ቃል ተጨመረ፦ «እስካሁን»። ሰው ይስቃል፣ ይገባል፣ ይላጫል። «ጀማሪው» የሚለው ስም በዚያው ጠፋ፤ ጨዋታው ላያልቅ እንደሚችል ራሱ ቀድሞ ሰሌዳ ላይ ከሰቀለው በኋላ የሚሰድብበት ሰው አልተገኘም።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጌም ቤት ጡረታ የለውም፤ ወገቤ ነው ያወጣኝ። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች የማውቀውን ልንገራችሁ። ወደ መጀመሪያው ስለመለሳችሁ ብቻ ጨዋታው አልቋል አትበሉ፤ ካሴቱ ብቻ አልቆ ሊሆን ይችላል። በሌላ ማሽን ሞክሩት። ነፋሱ ላይ ከቀራችሁ አሳልፉኝ በሉ። ካሴት ላይ ደግሞ እፍ አትበሉ።